ሞተሩ ጠፍቶ 14.2

ሐሙስ ማታ፣ አዳማ። እጄን ሁለቴ በኦሞ ታጥቤም የግራሶው ሽታ አልለቀቀኝም። ልተኛ ስል ያቺ ቁጥር ትመጣብኛለች፤ ስለዚህ ልጻፋትና ትውጣልኝ።

መኪናዋ ከአሜሪካ የመጣች የ2021 ሞዴል ፎርድ ኤፍ 150 ሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በኤሌትሪክም የምትሄድ ፒክአፕ ናት። ባለቤቷ ብዙ ዓመት ውጭ ኖረው የተመለሱ፣ አሁን አርሲ ውስጥ እርሻ የጀመሩ ትልቅ ሰው ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «አንተ ልጅ» ይሉኛል። የመጀመሪያ ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደደረሰች ብነግራቸውም አልተዉትም።

ጠዋት ጋራዡ በር ላይ አቁመው ሳይወርዱ ጀመሩ። «ከአሰላ ቁልቁል ስመጣ ይቺ ቀስት ከዜሮ በታች ትወርዳለች። እሱን ለምጄዋለሁ፣ ቻርጅ እያደረገች ነው ብለውኛል። ኢተያን አልፌ ትንሽ እንደሄድኩ ግን ትመለስና ዜሮው አጠገብ ቁጭ ትላለች። ያኔ ቤንዚን ሳልሰጠው ሞተሩ በራሱ ይጮሃል። ባትሪዋ ሞተች እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር ወዲያው አልመለስኩም። አንገቴን አስገብቼ ክሩስኮቱን፣ ከመሪው ፊት ያለውን የጌጆች ሰሌዳ፣ ሳይ ዓይኔ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረውን አርፒኤም ፈለገ፣ አጣ። እሳቸው የከፈቱት ገጽ ላይ በቦታው የኃይል ጌጅ ነው ያለው። እኔ ደግሞ ያደግኩት የአባቴ ኢሱዙ ጋቢና ውስጥ ነው። እዚያ ቤት ጌጅ ማለት ጆሮ ነበር፤ አባቴ አርፒኤሙን ሳያይ፣ ሞተሩ ድምፁን ሲቀይር ማርሽ ይቀይራል። የሞተር ድምፅ የለመደ ሰው እንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ሲገባ ጨው የሌለው ወጥ የቀመሰ ይመስለዋል።

የሁለቱን ጌጆች ልዩነት ለረዳቴ ያስረዳሁት በጋሪ ነው፤ ለአዳማ ልጅ ከዚህ የቀረበ ነገር የለም። አርፒኤም የፈረሱን ኮቴ መቁጠር ነው። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደረገጠ ትሰማለህ፤ ጋሪው ላይ ሦስት ኩንታል ሲሚንቶ ይኑር ወይስ ባዶውን ይሁን፣ ከኮቴው አታውቅም። በ2000 አርፒኤም ዳገት ልትወጣ ትችላለህ፣ በዚያው 2000 ቁልቁለት ልትወርድ ትችላለህ፤ ቀስቱ ያው ነው። የኃይል ጌጅ ግን የሚያየው ፈረሱ የሚጎትተውን ነው። ከዜሮ በታች የሚወርደው ጋሪው ፈረሱን ሲገፋው ነው። ያኔ ጎማው ኤሌትሪክ ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፣ ባትሪው ይሞላል። ልጁ «ታዲያ ፈረሱ እየወረደ ገብስ ይበላል በለኛ» አለኝ። ከእኔ የተሻለ ተናገረ።

ከዚያ ክሩስኮቱ ውስጥ ወደ ተደበቀው የመመርመሪያ ገጽ ገባሁ። በብዙ የፎርድ መኪኖች መሪው ላይ በግራ በኩል ያለችውን የኦኬ ቁልፍ ተጭነህ ትይዛለህ፣ ፍሬን ሳትረግጥ መኪናዋን ትከፍታለህ፣ ጣትህን ሳታነሳ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለህ። ቶዮታም የራሱ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 በነበሩት ፕሪየሶች ላይ የኢንፎ ቁልፍን ይዘህ የፓርኪንግ መብራቱን ሦስት ጊዜ አብርተህ ታጠፋለህ። መሐንዲሶቹ ለራሳቸው ያስቀሩት በር ነው፣ አንኳኩቶ ለሚያውቅ ይከፈታል። በዚህ ነገር ሁሌም እንደ ልጅ ደስ ይለኛል፤ አልደብቅም።

ገጹ ተከፈተ። ቁጥር በቁጥር። ባትሪ የሚለው መስመር ላይ 12.4 ይላል፤ ስለ ትንሿ፣ ስለ 12 ቮልቷ ባትሪ ነው። መኪናዋ ሳትነሳ ነው፣ ደህና ነው አልኩ። ፍሬን ረግጬ አስነሳኋት። ድምፅ የለም። ዝግጁ ነኝ የሚለው ምልክት በርቷል፣ ሞተሩ ግን ጸጥ። ቁጥሩን አየሁት፤ 14.2።

እዚህ ላይ ነው የዋልኩት። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ በተቃረበው ሥራዬ 14 ቮልት ማለት ዲናሞ ይሠራል ማለት ነው፣ ዲናሞ ይሠራል ማለት ቺንጋው ይዞራል፣ ቺንጋው ይዞራል ማለት ሞተሩ ተነስቷል። አሁን ሞተሩ ሞቷል፣ 14.2 አለ። ስክሪኑን አላመንኩትም። ኮፈኑን ከፍቼ በቴስተር ለካሁ፤ ያው 14.2። ዲናሞውን በዓይኔ ፈለግኩ፣ የለም። ልጁ ሊረዳኝ ብሎ ጎንበስ አለና እጁን ወደ አንድ ወፍራም ብርቱካንማ ገመድ ሰደደ። «ተው!» ብዬ ስጮህ የጎረቤት ጋራዥ ሰዎች ሁሉ ዞሩ። ብርቱካንማ ገመድ ከፍተኛ ቮልት ነው፣ በየትኛውም ሃይብሪድ። ልጁ ደንግጦ እስከ ምሳ አላናገረኝም። እኔም ይቅርታ አላልኩትም፤ ነገ ሻይ እጋብዘዋለሁ።

መልሱ ሲገባኝ ቀላል ነበር። ትንሿን ባትሪ የሚሞላት ትልቁ ባትሪ ነው፣ ከፍተኛውን ቮልት ወደ 14 በሚያወርድ ኮንቨርተር በኩል። ስለዚህ ሞተሩ ቢተኛም ቻርጁ አይተኛም። በሌላ መኪና «ዲናሞው ጤነኛ ነው» የምልበት ቁጥር እዚህ የሚነግረኝ ስለ ኮንቨርተሩ ነው። ቁጥሩ ያው፣ ወሬው ሌላ።

የብልሽት ኮዶችም ነበሩ፣ አምስት ወይም ስድስት፣ ሁሉም በዩ (U) የሚጀምሩ። በፒ (P) የሚጀምር ኮድ የሞተርና የማርሽ ነው፣ በዩ የሚጀምር የኮምፒውተሮቹ መነጋገር ነው። ጋሼ መኪናዋ ወራት ቆማ ባትሪዋ አልቆ እንደነበር ነግረውኛል፤ ቮልት ሲወርድ ኮምፒውተሮቹ መደማመጥ ያቅታቸዋል፣ የዚያን ቀን ጠባቸውን መዝግበው ይይዛሉ። እንዲህ ያለውን አሮጌ ኮድ እያሳዩ ዕቃ የሚያስቀይሩ አሉ። እኔም አንዴ አድርጌዋለሁ፤ ደህና ሴንሰር አውጥቼ ሌላ አስገባሁ፣ የሰውየውን ገንዘብ አስበላሁ። ዛሬ ኮዶቹን ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፌ አጠፋኋቸው። አልተመለሱም።

የጋሼ ጥያቄ የቀረው ነበር። እሱን ያወጣሁት በእስክሪብቶ ነው። አሰላ ከአዳማ ወደ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። መኪናዋ ወደ 2.5 ቶን ትመዝናለች። ይህን ያህል ክብደት ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ትልቁ ባትሪ የሚይዘው 1.5 ብቻ። ንፋሱና ጎማው ብዙውን ይውሰዱት፤ ቢሆንም ቁልቁለቱ ጠንከር ያለበት ላይ ባትሪው ይሞላና ይጠግባል። ከዚያ በኋላ የሚቀበል የለም። ቀስቱ ወደ ዜሮ የሚመለሰው ለዚህ ነው። መኪናዋን የሚይዛት ሲጠፋ ሞተሩ በማርሽ ይይዛታል፣ አባቴ ኢሱዙውን ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ማርሽ እንደሚይዘው። ጩኸቱ ያ ነው።

«ስለዚህ ጠግባ ነው» አሉ ጋሼ።

«ጠግባ ነው ጋሼ።»

ሳቁና ሊከፍሉኝ ኪሳቸው ገቡ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁ፤ የተደበቀውን ገጽ እንዳሳያቸው። አመነታሁ። ክሩስኮት ላይ ያለ ቀስት ሆን ተብሎ የተረጋጋ ነው። በብዙ መኪኖች የሙቀት ቀስት ውኃው በርከት ያለ ዲግሪ ቢወጣ ቢወርድም መሐል ላይ አይነቃነቅም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የነበሩ የፎርድ ፒክአፖች የዘይት ጌጅ እንዲያውም ጌጅ አልነበረም፤ ዘይቱ ትንሽ ግፊት ካገኘ አንዲት ስዊች ትዘጋለች፣ ቀስቱ መሐል ላይ ይቆማል፣ ባለቤቱ ተለካልኝ ብሎ ይነዳል። ማታለል ነው ብዬ ስናደድበት ኖሬአለሁ። ግን መኪናው የእሳቸው ነው፣ ምን ብዬ ልከልክላቸው? አሳየኋቸው። በሁለተኛው ሙከራ ራሳቸው ከፈቱት።

አሥር ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ከዴራ ናቸው፣ መንገድ ዳር አቁመዋል።

«አንተ ልጅ፣ 14.2 አልነበረም ያልከኝ? አሁን 13.9 ሆነ። አሁን ደግሞ 14.1 … 14 … ቆይ፣ ወረደ።»

«ደህና ነው ጋሼ። ገጹን ይዝጉት።»

«እንዴት ነው የሚዘጋው?»