ከአንገት በላይ ያልሆነ ምስጋና፦ የልምምዴ ማስታወሻ

ሰውን ከልብ ማመስገንን እንደማንኛውም ሙያ ልለማመደው ብዬ ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

ትልቁ ሥራ ያለው ከመናገሩ በፊት ነው። «እናመሰግናለን፣ በርታ» ለማለት ምንም ማስተዋል አይጠይቅም። ለማንም ይባላል፣ ማንም ይረሳዋል። ከልብ ለማመስገን ግን ሰውየው ምን እንዳደረገ፣ ምን ያህል እንደለፋበት ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማታ ማታ ደብተሬ ላይ አንዲት ጥያቄ እመልሳለሁ፦ ዛሬ ማን ምን አቀለለልኝ?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ይህቺን ጥያቄ ይዤ ቃለ ጉባኤውን ልብ ብዬ ሳነበው፣ መጨረሻው ላይ ማን ምን ሥራ እስከ መቼ እንደሚጨርስ በሰንጠረዥ አስቀምጣዋለች። ያዘዛት ሰው የለም። ሄጄ፣ «ያቺ ሰንጠረዥሽ ባትኖር ግማሹን ሥራዬን እረሳው ነበር። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የምከፍተው እሷን ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ኧረ! የሚያያት ሰው አለ እንዴ? ልተዋት እያሰብኩ ነበር እኮ» አለችኝ።

ሌላ ነገር ሳልጨምር ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። እዚያ ላይ ማቆም ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። «በዚያው እግረ መንገድሽን ይቺን ብታይልኝ» ካልኩ ምስጋናው እጅ መንሻ ሆነ ማለት ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሳራ አልጎና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ጥንዶች እንዴት እንደሚመሰጋገኑ ተመልክተው ነበር። «እኔ ተጠቀምኩ፣ እኔ ተደሰትኩ» ከሚለው ይልቅ የሌላውን ሰው መልካም ሥራ አንስቶ የሚያደንቀው ምስጋና ነው ተመስጋኙን ይበልጥ የሚነካው። እኔም ይህን ካነበብኩ ወዲህ አረፍተ ነገሬን «አንቺ» ወይም «አንተ» ብዬ ለመጀመር እሞክራለሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ወሬው ወደ ራሴ እንዳይዞር ትይዘኛለች።

ደግሞ እፍረቱ አለ። «ምን ፈልጎ ነው?» ይሉኝ ይሆን የሚለው ስጋት አፍ ያሲዛል። ተመራማሪዎቹ አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ መድኃኒት ሆኖኛል። ሰዎች የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉ ካደረጉ በኋላ፣ ተቀባዩ ምን ይሰማዋል ብለው እንደሚገምቱ ጠየቋቸው። ጸሐፊዎቹ ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት አሳንሰው፣ ምን ያህል እንደሚሸማቀቅ ደግሞ አጋነው ገመቱ። እፍረቱ በአብዛኛው የአመስጋኙ ነው ማለት ነው።

በሰው ፊት ማመስገንንም ሞክሬዋለሁ። አንዳንዱ ደረቱ ይነፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ መግቢያ ያጣል። ዝምተኛ ለሆነ ሰው አጭር መልእክት መጻፍ ይሻላል። ደጋግሞ ያነባታል።

የቤት ሰው ከሁሉም ይከብዳል። በየቀኑ የሚደረግልን ነገር እንደ ግዴታ ስለሚቆጠር ዓይናችን ያልፈዋል። ወንድሜን «ሁልጊዜ በሩን መቆለፉን የምታረጋግጠው አንተ ስለሆንክ እኔ ተመችቶኝ እተኛለሁ» ስለው፣ «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም ደስ ብሎታል፣ ያስታውቃል።

አሁን የያዝኩት ልምምድ ምስጋና መቀበል ነው። «ኧረ ምንም አላደረግኩም» የሚለው መልስ ምላሴ ላይ ተጣብቋል። ትሕትና ይመስላል እንጂ ሰው አስቦ ያመጣውን ነገር መመለስ ነው። ለጊዜው «ስላየህልኝ ደስ ብሎኛል» በሚለው ልተካው እየታገልኩ ነው።

አለቃን ማመስገን ግን ገና አልደፈርኩትም። ማሽቃበጥ እንዳይመስል እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትሉት? የሞከራችሁት ካላችሁ ጻፉልኝ።