ሌሊት 8 ሰዓት

እማዬ ካረፈች ዘጠኝ ወሯ ነው። እኔ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሌሊት ሌሊት እየነቃሁ ሳስታምማት ነበር። አስታምሞ የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ስትሮክ መትቷት 14 ወር ተኛች። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ። ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ "በየሁለት ሰዓቱ ገልብጧት፣ አለዚያ ገላዋ ይቆስላል" ብላ አስጠነቀቀችን። ቁስሉ ከየት እንደሚጀምር በእጇ እየነካች አሳየችን። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ከወገብ በታች ያለው አጥንት። እኔና አክስቴ ሌሊቱን ተካፈልነው። የ4 እና የ6 ሰዓቱ የአክስቴ፣ የ8 እና የ10 ሰዓቱ የኔ።

መጀመሪያ ሰሞን በስልኬ ማንቂያ እሞላ ነበር። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ማንቂያው ከመጮሁ በፊት ዓይኔ መገለጥ ጀመረ። ልክ 8 ሰዓት ሲል ብንን እላለሁ። ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ወደ ቀኝ አዞራታለሁ። ከጀርባዋ ትራስ እደግፍላታለሁ። ከንፈሯን በውኃ አርሳለሁ። አንዳንዴ ዓይኗን ትገልጥና "አንቺ ልጅ፣ አትተኚም?" ትለኛለች። ከታመመች በኋላ አንደበቷ ይኮላተፍ ነበር። ይቺን ግን አጥርታ ነበር የምትላት።

በጥር አረፈች። ለቅሶ የመጣው ሁሉ "እሷም አረፈች፣ አንቺም አረፍሽ" አለኝ። በደግነት ነው ያሉት፣ አውቃለሁ። ግን ቃሉ አመመኝ። ለሷም ለኔም አንድ ቃል። እሷ አርፋለች፤ እኔ ግን የት አረፍኩ? ፍራሹ ተነሳ። አርባዋ ወጣ። ሰማንያዋ ወጣ። ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን አሁንም ብንን እላለሁ። አልጋዋ ከአልጋዬ ትይዩ ነው፣ ባዶውን። ጆሮዬ ተቀስሮ ይቆያል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ይነጋል።

ሰው የሚለውን ሁሉ ሞከርኩ። ጠበል ጠጣሁ። ማታ ትኩስ ወተት ጠጣሁ። ጎረቤቴ ከራሷ መድኃኒት ግማሽ ፍሬ ሰጠችኝና ውጬው ተኛሁ፤ በማግስቱ ግን ራሴ እንደ ድንጋይ ከብዶኝ ዋለ። የሰው መድኃኒት መዋጥ አልነበረብኝም። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ቀን 45,000 ብር የሚለውን 54,000 ብዬ መዘገብኩ። ስህተቱን ሳገኘው እጄ ተንቀጠቀጠ። በሐምሌ ነው እንግዲህ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ የሄድኩት። ልጅ እግር ናት። ስለ ሐዘኔ ትጠይቀኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የጠየቀችኝ ግን ማታ በስንት ሰዓት አልጋ ላይ እንደምወጣ ነው።

"ብዙ ጊዜ በ3 ሰዓት" አልኳት። "ስለማይወስደኝ ቀደም ብዬ ነው የምገባው።"

"የሚነሱትስ?"

"በ12 ሰዓት።"

"ከዚህ ውስጥ የሚተኙት ስንቱን ነው?"

"ከ5 ሰዓት አይበልጥም።"

ወረቀት ላይ አሰላችው። ዘጠኝ ሰዓት አልጋ ላይ፣ አምስት ሰዓት እንቅልፍ። 56 በመቶ ገደማ። ቁጥር ስለምወድ ነው መሰለኝ ያን ጊዜ ልቤ ወደሷ አዘነበለ። ለስድስት ወር ያህል በየሌሊቱ አራት አራት ሰዓት አልጋ ላይ ፈጥጬ ነው ያደርኩት ማለት ነው።

ከዚያ የነገረችኝን ደጋግሜ አስባለሁ። አርተር ስፒልማን የሚባል አሜሪካዊ የእንቅልፍ ተመራማሪ እንቅልፍ ማጣትን በሦስት ነገሮች ያስረዳ ነበር። ሰውየውን የሚያጋልጠው አለ። ችግሩን የሚቀሰቅሰው አለ። ችግሩን የሚያቆየው ደግሞ ሌላ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንቅልፌ የዶሮ ነው። ያ ያጋልጣል። የእማዬ ሕመም ቀሰቀሰው። ያቆየው ግን ሕመሟም ሞቷም አልነበረም። በ3 ሰዓት አልጋ ላይ መውጣቴ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሸለብ ማድረጌ፣ ሌሊት ስልክ አንስቼ ሰዓት ማየቴ፣ "አሁን ከተኛሁ አራት ሰዓት አገኛለሁ፣ አሁን ከተኛሁ ሦስት" እያልኩ መቁጠሬ ነበር። እንቅልፍ ሲያባርሩት ይሸሻል። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሳባርረው ነበር የማድረው።

ቡናውም አለ። ከለቅሶው ወዲህ ጎረቤቶቼ ብቻዬን እንዳልሆን ብለው ማታ 11 ሰዓት ላይ ቡና ያፈላሉ። እስከ በረካ እጠጣለሁ። ባለሙያዋ እንዳስረዳችኝ ካፌይን በደማችን ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በ11 ሰዓት የጠጣሁት ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ ማለት ነው። ነቅተን በዋልን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ነገር አንጎላችን ውስጥ እየተጠራቀመ ድካሙን ያመጣል፤ ካፌይን ደግሞ ቦታውን ይዞ መንገዱን ይዘጋበታል። ቡናውን ልተው ብል እነዚያን ሴቶች ላጣ ነው። እነሱ ባይኖሩ እንዴት እሆን ነበር? ስለዚህ ነገርኳቸው። አሁን የሚያፈሉት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ። በሥራ ቀን ማታ ብቅ ሲሉ የጦስኝ ሻይ እንጠጣለን። አንዳቸውም ቅር አላላቸውም።

ሕክምናው ከባድ ነበር። እውነቱን ልጻፍ። ለእንቅልፍ ማጣት የሚሰጥ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ይባላል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ለቆየ የእንቅልፍ ችግር ከመድኃኒት በፊት ይሄ ይቅደም ብሎ መክሯል። ግን ስሙ እንደሚመስለው ቁጭ ብሎ ማውራት ብቻ አይደለም። አልጋ ላይ የምቆይበትን ሰዓት ቀነሰችብኝ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል በፊት አልጋ የለም። ጠዋት በ12 ሰዓት መነሳት ነው፣ እሁድም ቢሆን፣ ምንም ባልተኛም። ቀን ሸለብ ማድረግ የለም። አልጋ ላይ ሆኜ 20 ደቂቃ ያህል ካልወሰደኝ መነሳት፣ ወደ ሌላ ክፍል መሄድ፣ እንቅልፌ ሲመጣ መመለስ። ይሄኛውን ሪቻርድ ቡትዚን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው በ1972 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። ሰውነት ቦታ ያስታውሳል። የኔ አልጋ ለሰውነቴ መኝታ መሆኑ ቀርቶ ማዳመጫ ሆኖ ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ይሄን ነግሬው "እኔም ዛሬ ልጀምር" አለኝ። ቆይ አልኩት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀን ቀን ያንቀላፋል፤ መሪ ይዞ አይሆንም። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ስሜቱ በጣም ከፍ ዝቅ የሚል ሕመም ያለበት ሰው ብቻውን ሊሞክረው አይገባም። እያንኮራፋ ትንፋሽ ቁርጥ የሚልበት ሰው ደግሞ ችግሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ይየው።

የመጀመሪያው ሳምንት አስለቀሰኝ። ከ3 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ምን ልሥራ? ባሕር ዳር ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ልጄ ተኝታለች፣ መብራት አንዳንዴ ይጠፋል። አንድ ማታ የእማዬን ሙዳይ ከፈትኩ። እንዝርቷ ከነጥጡ አለ። የጀመረችው ፈትል ላዩ ላይ እንደተጠቀለለ ነው። ስትሮኩ ከመታት ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም። ልጅ እያለሁ አስተምራኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ይዤው አላውቅም። ኩርሲ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። ክሩ አሁንም አሁንም ይበጠሳል። እቀጥለዋለሁ። ያኔ አለቀስኩ። በለቅሶው ቀን እንግዳ ሳስተናግድ፣ ድንኳን ሲተከል፣ ሲነቀል፣ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ማንም "በርቺ" አላለኝም።

ጠዋት ደግሞ ወደ ሐይቁ። ባለሙያዋ ከተነሳሁ በኋላ ብርሃን እንዳገኝ ነግራኛለች። የጠዋት ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ አንጎል የቀኑን ቆጠራ ይጀምራል፣ ማታ እንቅልፍ የሚመጣበትም ሰዓት በዚያ ይሰደራል። ሰማዩ ደመና ቢሆን እንኳ የውጭ ብርሃን ከቤት አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከጠዋት ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ አንድ እንላለን። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ስቆጥር ኖሬ፣ ማታ መቼ እንደምተኛ እንጂ ጠዋት መቼ እንደምነሳ አስቤ አላውቅም ነበር። ዣንጥላ ይዤ እስከ ጊዮርጊስ ወርጄ ከሐይቁ ዳር እቆማለሁ። አንዳንድ ጠዋት ከዘጌ በኩል የደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ይመጣል። ጭነቱ ከብዶት ግማሹ ውኃ ውስጥ ነው። ቀዛፊው ግን አይቸኩልም።

በሁለተኛው ሳምንት ከአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ወደ አምስት ሰዓት የሚጠጋውን ተኛሁ። 88 በመቶ። ባለሙያዋ 15 ደቂቃ ጨመረችልኝ። እንዲህ በየሳምንቱ 15፣ 15 እየተባለ መስከረም ገባ።

ከዚያ ያልጠበቅኩት መጣ። መስከረም ውስጥ አንድ ሌሊት ሳልነቃ ነጋ። ዓይኔን ስገልጥ መስኮቱ ነጭ ሆኗል። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ። "ሳልገለብጣት!" ብዬ ዘልዬ ተነስቼ አልጋዋ ጋ ደረስኩ። እጄ አንሶላውን ከነካ በኋላ ነው የነቃሁት። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ልቤ በጆሮዬ ይመታል።

ሄጄ ለባለሙያዋ ነገርኳት። "ሌሊት 8 ሰዓት ሲነቁ ምን ያደርጉ ነበር?" አለችኝ።

"አዳምጣለሁ።"

"ምን?"

መልሱ ወዲያው አልወጣልኝም። "ትንፋሿን" አልኩ በመጨረሻ። ስናገረው ገባኝ። እየነቃሁ እስካለሁ ድረስ ተረኛ ነበርኩ። እሷም የምትጠብቀኝ ነበረች። አንድ ሌሊት ሳልነቃ ማደር ጥሎ መሄድ ሆኖብኝ ነበር። ሐዘኔ የተረፈው እዚያ ሰዓት ላይ ነበር። እንቅልፌን ስፈልግ በሌላ እጄ ያንን ሰዓት አጥብቄ ይዤው ነበር።

ባለሙያዋ ምንም አላለችም። መሐረብ ሰጠችኝ። ቀጥላ የጠየቀችኝ የእማዬን አልጋ ምን ላደርገው እንዳሰብኩ ነው። አላውቅም አልኳት። አሁንም አላውቅም። ሙት ዓመቷ እስኪያልፍ እዚያው ይቆይ ብያለሁ። የኔን አልጋ ግን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዞርኩት። አክስቴ ብርድ ልብሱን ስታግዘኝ የእማዬን አልጋ እያየች ዝም አለች። ከዚያ "የ6 ሰዓቱ ለኔም አልተወኝም፣ ልጄ" አለችኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ ከተማ ውስጥ፣ እሷ በ6፣ እኔ በ8 እየነቃን ነበር፤ አንድ ቀን አልተነጋገርንበትም። አቀፍኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ባለሙያዋ ዘንድ አብረን እንሄዳለን።

ትናንት ሌሊት ነቅቼ ነበር። ስልኩ ሳሎን ነው፣ የግድግዳው ሰዓትም ጠፍቷል፣ እኔው ነኝ ባትሪውን ያወጣሁት። ትንሽ ጋደም አልኩ። እንቅልፌ እንደማይመጣ ሳውቅ ተነሳሁ። ውኃ ጠጣሁ። ኩርሲዬ ላይ ተቀምጬ እንዝርቱን አሾርኩ። ልቃቂቱ አሁን እፍኝ ይሞላል። ክሩ ሁለቴ ተበጠሰ፣ ቀጠልኩት። ዓይኔ ሲከብደኝ ተመልሼ ገባሁ። ስንት ሰዓት እንደነበር አላየሁም።