ውሃውስ ይበቃል

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የማዕረግ እድገት ማመልከቻዬን ስሞላ ዋልኩ። ቴአትርን ለትምህርትና ለጤና ሥራ በማዋል ላይ ካተኮረ የ18 ዓመት የማስተማር ሥራ በኋላ ቅጹ የሚጠይቀኝ የታተሙ ጽሑፎችን፣ የመጽሔቶቹን ስምና የወጡበትን ዓመት ነው፤ ከተማሪዎቼ ጋር በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ ግቢ ያሳየናቸው ተውኔቶች «የማኅበረሰብ አገልግሎት» በምትል አንዲት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ተጠቃለው ይገባሉ። ስለ ሳጥኗ ጥበት ማማረር አልፈልግም። ልሞላት ስጀምር ግን በደቡብ ጎንደር አንዲት ቀበሌ ያገኘኋቸው ሴት ትዝ አሉኝና እጄ ተያዘ።

ነገሩ ከሆነ 14 ዓመት አልፎታል። ስለ ትራኮማ የሚያስተምር የ40 ደቂቃ ተውኔት ይዘን ሄደን ነበር። ትራኮማ በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ እየተመላለሰ ሲይዝ በዓይን ቆብ ውስጥ ጠባሳ የሚተው፣ በመጨረሻም ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ቀልብሶ ብሌኑን እያስፋቀ የሚያሳውር በሽታ ነው። ከጤና ባለሙያዎች እንደተማርነው የተቀለበሰው ቆብ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል፣ ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት ለሕዝቡ ይታደላል፣ የልጆች ፊት ይታጠባል፣ የአካባቢና የመጸዳጃ ንጽሕና ይጠበቃል። ከእነዚህ ለመድረክ የሚመቸው ፊት መታጠቡ ስለመሰለን አንዲት ቸልተኛ እናት ፈጠርን፤ ልጆቿ ዓይናቸውን ዝንብ ወርሮት ሲጫወቱ እሷ ለባሏ ቡና ታፈላለች። በልምምድ ጊዜ በጣም ያስቀን ነበር። አሁን አፍርበታለሁ።

ሴትዮዋ የተቀመጡት ከፊት ነበር። በአንገታቸው ማተብ ላይ ከመስቀላቸው ጎን ወረንጦ ተንጠልጥሏል፤ ሽፋሽፍታቸው ሲወጋቸው የሚነቅሉበት ነው። ተውኔቱ እንዳለቀ፣ ከተመልካቹ መካከል የሚፈልግ ሰው ወጥቶ ታሪኩን እንዲለውጥ ጋበዝኩ። ይህ ዘዴ የብራዚላዊው የቴአትር ባለሙያ የአውጉስቶ ቦአል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በፔሩ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ ሳለ፣ ተዋንያኑ ሐሳቧን እንደፈለገችው አልተወኑልኝም ብላ የተቆጣች አንዲት ተመልካች ራሷ መድረክ ላይ ወጥታ እንዳሳየችው የሚተርከውን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ሰው በእውነት ተነሥቶ ሲመጣብኝ ግን ደነገጥኩ።

እናቲቱን የምትጫወተውን ተማሪዬን «ልጄ፣ አንቺ ተቀመጪ» ብለው ጣሳውን ተቀበሏት። ከጀሪካኑ ቀድተው፣ በእፍኛቸው ጥቂት ጥቂት እያቆሩ፣ ልጆች ሆነው የሚተውኑትን ሦስት ተማሪዎች ፊት አንድ በአንድ አጠቡ፤ ጣሳው ግማሽ እንኳ አልጎደለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

«ውሃውስ ይበቃል፣ አየህ? እኔ ሌሊት ወደ ምንጭ ስወርድ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ስመለስ ከብት ይዘው ወጥተዋል። ማን ይጠባቸው?» አሉ።

ባልየው ሆኖ የሚጫወተው ተማሪ አሁንም ቡናውን እንደያዘ ነበር። ሲኒውን ከእጁ ተቀብለው በምትኩ ጣሳውን አስያዙት። «እንካ፣ አንተ እጠብ።»

ወንዶቹ ሳቁ፤ ሳቁም ቶሎ አለቀ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «የወንድ ሥራ ነው እንዴ?» ሲል ከጎኑ ያለው «ዓይኑስ የማን ልጅ ዓይን ነው?» ብሎ መለሰለት፤ ክርክሩም እስኪመሽ ቀጠለ። እኛ ጽፈን ከሄድነው ውስጥ ይህ አንዱም አልነበረም።

የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ ሹማምንቱን በእንስሳት ተረት ስለነቀፈ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ተግሣጽ ከቴአትራችን ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የእርሳቸው ተግሣጽ ወደ ላይ መውጣቱ፣ የእኛ ግን በጀት ተመድቦለትና መኪና ተከራይቶለት ወደ ታች፣ ውሃ ቀድታ ወደምትመለስ እናት መውረዱ ነው።

ለገንዘብ ሰጪው ያስገባሁት ሪፖርት «የተመልካች ብዛት፦ 400 ያህል» ይላል። ጣሳዋ የለችበትም። በኋላ ባሳተምኩት ጽሑፍ ደግሞ የሴትዮዋ ንግግር «ሥርዓተ ጾታዊ የሥራ ክፍፍል» የሚል ስም ተሰጥቶት በሦስት ዓረፍተ ነገር ታልፏል፤ ቢነበብላቸው የራሳቸው ቃል መሆኑን የሚለዩት አይመስለኝም። ዛሬ ነጥብ የሚያሰጠኝ ያ ጽሑፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ነው። መኪናውም ውሎ አበሉም ለሦስት ቀን ብቻ ስለነበር በማግሥቱ ማለዳ ተነሥተን ሄድን። ስለ ትራኮማ ተውኔት የሠራሁት እኔ፣ ወረንጦውን በዓይኔ እያየሁ፣ ሴትዮዋን ለቀዶ ጥገና እንድትልክልኝ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንዲት የአደራ ቃል ሳልናገር መጣሁ።

ከዚያ ወዲህ በየዕቅዴ ሁለተኛ ጉዞ አስገባለሁ። ከጥምቀት በኋላ ለምንሄድበት ሥራ ያቀረብኩት ዕቅድ ባለፈው ሳምንት ተመልሶልኛል፤ ሁለተኛው ጉዞ በቀይ ተሰርዞ ከጎኑ «ትርኢቱ አንዴ ከታየ ለምን ይደገማል?» ተብሎ ተጽፎበታል። ዛሬ ማታ መልሱን ልጻፍ፤ ማመልከቻው ይቆይ።