ምርጫዬን ያወቅሁት መብራት ሲጠፋ ነው

ምን ዓይነት የቴሌቪዥን ዝግጅት እንደምወድ ስጠየቅ ለብዙ ዓመታት የምሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ዘጋቢ ፊልምና ቁም ነገር ያለው ውይይት እወዳለሁ፣ ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ግን አላይም እል ነበር። ይህ መልስ ከእውነቱ የራቀ መሆኑን የተረዳሁት በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ አንድ ባለ መስመር ደብተር ሳሎን አስቀምጬ በየምሽቱ ያየሁትን ሁሉ መመዝገብ ከጀመርኩ በኋላ ነው። እንጀራዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ስለሆነ ሥራው እንግዳ አልሆነብኝም። እንግዳ የሆነብኝ፣ በአፌ የምለውና በደብተሩ የሠፈረው አልታረቅ ማለታቸው ነው።

ነገሩን ያስጀመረው ከባለቤቴ ጋር ያደረግነው ክርክር ነው። በቤታችን ያለው ቴሌቪዥን አንድ ሲሆን ሪሞቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በእናቴ እጅ ይገባል። እኔም ጋዜጣ ይዤ ጥግ ላይ እቀመጥና «ይህን ነገር እንዴት ታዩታላችሁ?» እያልኩ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያው አልነሳም። ባለቤቴ አንድ ምሽት «የማታየው ከሆነ ማን ከማን እንደወለደ በምን አወቅህ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። ደብተሩን ያወጣሁት በማግስቱ ነው።

ለእያንዳንዱ ምሽት አራት ዓምድ አሰመርኩ፤ የዝግጅቱን ስም፣ ጣቢያውን የመረጠውን ሰው፣ እስከ መጨረሻው ማየት አለማየቴን፣ በመጨረሻም ከአሥር የምሰጠውን ነጥብ እጽፍ ነበር። ኳስን ከምዝገባው አውጥቼዋለሁ፤ ኳስ በእኔ ዘንድ ምርጫ ሳይሆን ዕጣ ፈንታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ድካም ግን ከንቱ ሆነ። ዝግጅቱ እንዳለቀ ወዲያው የምሰጠው ነጥብ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሰባት ነበር፤ ሰባት ማለት ደግሞ በእኔ ቋንቋ «አላስከፋኝም» ከማለት አያልፍም። በዚያ ላይ ደብተሩን ያገላበጠችው ባለቤቴ አንዱን መስመር በጣቷ ይዛ «ይህን የአዞ ፊልም እስከ መጨረሻው አየሁ ብለህ ጽፈሃል፤ አዞው ከውኃው ሳይወጣ አይደል እንዴ ያንኮራፋኸው?» አለችኝ። መዝገቡን አረምኩ።

ከዚያ በኋላ ነጥብ መስጠቱን ትቼ ሁለት አዳዲስ መለኪያዎችን አስገባሁ። የመጀመሪያው የጠዋት መለኪያ ነው። ወደ ሥራ ስሄድ ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ስለ ትናንቱ ምሽት ራሴን አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ የትኛው ትዕይንት ትዝ ይለኛል? ምንም ካልመጣልኝ ዜሮ እጽፋለሁ። በዚህ መለኪያ ሁሉም ጣቢያዎች ለበዓል የሚያዘጋጁት ልዩ ዝግጅት፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ቀርቦ፣ ድምፃውያኑ በተራ ሲጋበዙ የምናየው ሁሉ፣ ያለ አንድ ልዩነት ዜሮ አግኝቷል። ዓመቱን በሙሉ ፈገግ ብዬ ያየሁት እሱን ነው፤ ያስታወስኩት ግን የለም።

ሁለተኛውን መለኪያ ያመጣልኝ መብራት ኃይል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ኅዳር ላይ አንድ ተከታታይ ድራማ እያየን መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ ሳላስበው ስልኬን አንስቼ ሌላ ሰፈር ወደምትኖረው እህቴ ደወልኩና «እናንተ ጋ መብራት አለ? በሩን ከፈተችለት ወይስ አልከፈተችለትም?» አልኳት። ከዚያ ምሽት ጀምሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ያደረግሁትን መመዝገብ ያዝኩ። በዓመቱ ውስጥ ዝግጅት እያየሁ መብራት የጠፋብኝ 31 ጊዜ ነው። በ19ኙ ተነሥቼ ተኝቻለሁ፤ አንዳንዴ እንደ ግልግል ቆጥሬው። በ4ቱ ወሬ ይዘን ዝግጅቱን ረስተነዋል። በቀሩት 8 ምሽቶች ግን እህቴ ጋ ደውያለሁ፤ ከ8ቱ አንዱም ዘጋቢ ፊልም አልነበረም። ሁለቱ የአገር ውስጥ ድራማዎች ሲሆኑ ስድስቱ አላይም የምላቸው የቱርክ ድራማዎች ናቸው።

ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ብዙ የአገራችን የጥበብ ባለሙያዎች የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ መቅረቡ የአገር ውስጡን ሥራ ይጎዳል ብለው ተቃውመው ነበር፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነበርኩ፣ ሥጋታቸው መሠረት እንደነበረው ዛሬም አምናለሁ። ስህተቴ አቋሜን እንደ ጣዕሜ መቁጠሬ ነበር። አንድ ነገር መኖር የለበትም ብሎ መከራከርና ያንኑ ነገር አለመውደድ ለየቅል ናቸው፤ እኔ ለሰባት ዓመት አንዱን በሌላው ስተረጉም ኖሬያለሁ።

ለምን እንደያዙኝ ለማወቅ የጠዋቱን ዓምድ ደጋግሜ አነበብኩ። ያስታወስኳቸው ትዕይንቶች መኪና የተገለበጠባቸው ወይም ሽጉጥ የተመዘዘባቸው አይደሉም፤ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ዋናውን ነገር ሳያነሱ ዙሪያውን የሚነጋገሩባቸው ናቸው። አንዲት ምራት አማቷን ለብዙ ክፍሎች «እርስዎ» ስትል ከርማ፣ አንድ ቀን ሻይ እየቀዳችላት፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ «ምን ፈለግሽ?» አለቻት። እናቴ የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች፤ ባለቤቴም ከኩሽና ወጥታ መጣች። በዚያች አንዲት «ሽ» ውስጥ የፈረሰውን ቤት በማግስቱ እስከ መሥሪያ ቤቴ በር ድረስ ሳስበው ሄድኩ። ቱርክኛም እንደ እኛ የአክብሮትና የቅርበት አጠራር ስላለው ለተርጓሚው መንገዱ የተጠረገ ይመስለኛል።

አጥብቄ ሳየው ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። አማርኛ ግሱን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያስቀምጣል፤ ቱርክኛም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ተዋናዩ ቃሉን አንጠልጥሎ አንጠልጥሎ መጨረሻው ላይ ፊቱ ሲለወጥ፣ የአማርኛውም ግስ እዚያው ላይ ይደርሳል። በስፓኒሽ ከተሠሩት የላቲን አሜሪካ ድራማዎች ጋር በስሜት ያልተግባባሁት ምናልባት በዚህ ይሆናል፤ ሴትየዋ ተቆጥታ፣ በሩን ዘግታ ከጨረሰች በኋላ ነው «አልመጣም» የሚለው ቃል የሚደርሰው። የቱርኮቹ ድራማዎች በጣም በማይሆን ቦታ ላይ የሚቋረጡበትንም ምክንያት ያኔ ነው ያወቅሁት። በአገራቸው አንዱ ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ የሚወስድ ሲሆን ለውጭ ገበያ ሲቀርብ እየተቆራረጠ ወደ 45 ደቂቃ ይወርዳል፤ እኔ ግን የአዘጋጆቹን ግድ የለሽነት ስወቅስ ነበር የኖርኩት። የኮሪያዎቹን ብዙ ጊዜ በ16 ክፍል ስለሚያልቁ እመርጣቸዋለሁ ብዬ ደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፌ ነበር፤ አንዱንም አልጨረስኩም።

ይህ የንግግር ፍቅር ከየት እንደመጣ ሳስብ የማርፈው አባባ ተስፋዬ ላይ ነው። ተስፋዬ ሳህሉ ቴሌቪዥን በአገራችን ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥተው ለአርባ ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ነግረዋል። ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ጫማችንን አውልቀን፣ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተደርድረን የምናየው አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ሲናገሩ ብቻ ነበር፤ ጅቡንም አንበሳውንም የሚሠራው ድምፃቸው ነው። «ሰው ለሰው» ከተሰኘው ድራማም ሴራው አብዛኛው ጠፍቶኛል፤ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ሲናገር ግን ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ይህን ለመሞከር ለሚያስብ ሰው የምለው፣ ጣቢያውን ማን እንደመረጠው የሚያሳየውን ዓምድ እንዳይዘለው ነው፤ እኔ ራሴ መርጬ ካየኋቸው ይልቅ በሰው ምርጫ ያየኋቸው በጠዋቱ መለኪያ በልጠው ተገኝተዋል። ደብተሩንም ከቤተሰብ ቢሰውር ይሻለዋል። እናቴ ምዝገባውን ካወቀች በኋላ ድራማው ሳያልቅ «ዛሬስ ስንት ሰጠህልኝ?» ማለት ስለጀመረች፣ የግንቦትና የሰኔ ገጾች እምብዛም የሚታመኑ አይደሉም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ መብራት ለ31ኛ ጊዜ ጠፋ። እህቴም ጋ ጨለማ ነበር። ሻማ ለኩሰን ተቀመጥንና «እማዬ፣ አሁን ይህ ሰውዬ ደብዳቤውን ያነበው ይሆን?» አልኳት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «ያነበዋል እንጂ፤ ግን ማንበብ የሚችለውን ልጅ ጠርቶ ነው የሚያስነብበው፤ አለመማሩን እስከ ዛሬ ደብቋት የለ?» ብላ ጀመረችና ልጁን፣ ደብዳቤውን፣ ከበሩ ጀርባ ቆማ የምትሰማዋን ሚስት እያነሣች ሻማው እስኪያልቅ ተረከችልን። በማግስቱ ድራማው በድጋሚ ሲተላለፍ ሰውየው ደብዳቤውን ራሱ ከፍቶ አነበበው፤ ቀደደውም። እኔ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ትዝ ያለችኝ ከበሩ ጀርባ የቆመችው ሴት ስለነበረች፣ የዝግጅቱ ስም በሚሠፍርበት ዓምድ የእናቴን ስም ጻፍኩ።