«ጣና ጥልቅ አይደለም» ያሉኝ ሰውዬ

ጀልባ የገዛሁት በቁጭት ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ ጣናን የማውቀው ከዳር ቁጭ ብዬ፣ አሳ እየበላሁ ነበር። ከአማቼ ጋር ገንዘብ አዋጣንና አንዲት አሮጌ የፋይበር ጀልባ ገዛን። ሞተሯ ባለ 5 ፈረስ ጉልበት ነው። ሞተሩን አስጠገንን፣ ላይፍ ጃኬት ገዛን፣ ዳር ዳሩን ሦስት ሳምንት ተለማመድን። ይሄ ሁሉ ያለ ችግር አለቀ።

ጉዴ የጀመረው በገመድ ነው።

ሐሳባችን ጎህ ሲቀድ ተነስተን ዘጌ መሄድ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን፣ አሳ አጥምደን፣ ነፋሱ ሳይነሳ መመለስ ነበር። ጥር ላይ ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ ዘይት ረግቶ ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ይመጣል። ይሄን የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃል። መነሻው ላይ ያሉት ኃላፊ ግን «ከ3 ሰዓት በፊት ጀልባ አይነሳም» አሉን። 3 ሰዓት ሲሆን ማኅተም የያዘው ሰው ቁርስ ወጥቷል ተባለ። 4 ሰዓት ላይ የፈቃድ ደብዳቤው ቀን ይጎድለዋል ተባለ። ስንነሳ 5 ሰዓት ሆነ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። በራሴም እናደዳለሁ፤ «በቃ ነገ እንሄዳለን» ብዬ ቤቴ መግባት ነበረብኛ።

ኃላፊው ሲሸኙን የጀልባ ማቆሚያ ገመዳችንን አዩትና «10 ሜትር ነው? ይበቃል። ጣና እኮ ጥልቅ አይደለም» አሉ።

አልዋሹም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ይዞ፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር አካባቢ ነው። መዘዙም ያ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ሞገዱ የተቀራረበና ቀጥ ብሎ የሚነሳ ይሆናል። ጀልባዋ ከአንዱ ሳትወርድ ሌላው ይደርስባታል።

ዘጌ የደረስነው 7 ሰዓት ላይ ነው። ጀልባ ማቆሚያው በአስጎብኚዎች ጀልባ ተይዟል። ስለዚህ ትንሽ ወረድ ብለን፣ ለሐይቁ ፊት ለፊት በሆነ ቦታ፣ 3 ሜትር የሚሆን ውሃ ላይ አቆምን። መልህቅ አልነበረንም። ድንጋይ የሞላ ጆንያ ነው የጣልነው። አንድ ሽማግሌ በታንኳ ሲያልፉ አዩንና ቆሙ።

«ልጆቼ፣ እዚህ አታቁሟት። ነፋሱ ይመጣል። ወዲያ ከደንገሉ ጀርባ ውሰዷት።»

«እሺ አባቴ» አልኩ። አልወሰድኳትም። የውሃው ፀጥታ አታለለኝ።

ተሳልመን ስንመለስ ጫካው ውስጥ ቡና ተፈልቶልን ነበር። ሁለተኛውን እየጠጣሁ ቅጠሉ መንሾካሾክ ጀመረ። አማቼ ቀና ብሎ አየኝ። ስኒውን አስቀምጬ ሮጥኩ።

ጀልባዋ ድንጋዩ ላይ ናት። ሞገድ ያነሳታል፣ መልሶ ያፈርጣታል። ጎኗ መዳፍ በሚያህል ተቀዷል። የሞተሩ ፕሮፔለር ድንጋይ መትቶ፣ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ፒን ተቆርጧል። እስከ ደረቴ ገብቼ ገመዱን ስስብ ጆንያው ያለምንም ትግል መጣ። ሥሩ እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው፤ ጭቃውን ሳይነክስ ሲንሸራተት ነው የመጣው።

አሁን የገባኝን ልንገራችሁ። መልህቅ በክብደቱ ብቻ አይዝም። ገመዱ ረጅም ሲሆን መልህቁን በአግድም ይስበዋል፣ ያኔ ጥርሱ ጭቃው ውስጥ ይገባል። አጭር ከሆነ ግን ሞገድ ጀልባዋን ባነሳት ቁጥር ወደ ላይ ይነቅለዋል። ለ3 ሜትር ውሃ ቢያንስ 15 ሜትር ገመድ ልቀቁ። ነፋስ ካለ ጨምሩ። ጆንያውን እርሱት፣ ጥርስ ያለው መልህቅ አስበይዱ። ማንም ኃላፊ «ይበቃል» ቢላችሁ አትስሙት። ባለታንኳ ከተናገረ ግን ቡናው ይቅርና ጀልባችሁን አንሱ።

ያወጡን እኚያው ሽማግሌ ናቸው። «ብያችሁ ነበር» አላሉም፤ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ቤታቸው አሳደሩን። የተቆረጠውን ፒን በሚስማር ተካን፣ ቀዳዳውን በላስቲክና በቀለጠ ሰም ደፈንን።

አሳ ያጠመድነው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ በእሳቸው ታንኳ ነው። የአሳ ሆድቃ መንጠቆ ላይ አድርገን ሁለት አምባዛ ያዝን። ቀረሶ በመንጠቆ አትልፉበት፤ ምግቡ ውሃው ላይ ያለው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ስለሆነ በመረብ ነው የሚያዘው። ነጭ አሳ ደግሞ በክረምት ለመራባት ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣል። ያኔ እንቁላል የያዘ ነጭ አሳ ቢያቀርቡላችሁ አትግዙ። እኔ ድሮ እንቁላል ያለውን መርጬ ነበር የምገዛው።

ባሕር ዳር 4 ሰዓት ላይ ገባን። እኔ እየነዳሁ፣ አማቼ በጣሳ ውሃ እየቀዳ እየደፋ። ኃላፊው መነሻው ላይ ቆመው ጠበቁን። ደኅና መግባታችንን ሊጠይቁ መስሎኝ ነበር።

«የመመለሻ ቀናችሁ ትናንት ነበር» አሉ። «ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»