ከፍራንክፈርት እስከ ሮም በባቡር፣ ከትንሽ ልጅ ጋር

ከትንሽ ልጅ ጋር አውሮፓን ለመዞር የሚነሳ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ስንት ከተማ እንደሚያዳርስ ነው የሚቆጥረው። መቆጠር ያለበት ግን ስንት ጊዜ ባቡር እንደሚቀየር ነው። ልጅ ሦስት ሰዓት ባቡር ውስጥ መቆየት አይከብደውም፤ የሚያስመርረው በየጣቢያው መውረድ፣ ጋሪ ማጠፍና ደረጃ መውጣት ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ቤተሰብ በፍራንክፈርት ገብቶ በሮም መውጣትን የምንመክረውም ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ስለሚበር መሄጃውን በአንዱ፣ መመለሻውን በሌላው አድርጎ ማስቆረጥ ይቻላል፤ የሄዱበትን መንገድ መልሶ መምጣት ይቀራል።

ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚያገለግለው የሼንገን ቪዛ የሚጠየቀው ብዙ ከሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ቆይታው እኩል ከሆነ መጀመሪያ ከሚገቡበት። ሦስት ሌሊት ጀርመን፣ አምስት ሌሊት ጣሊያን የሚያድር ሰው ፍራንክፈርት ቢያርፍም ማመልከት ያለበት ለጣሊያን ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ነፃ ነው። ነፃ ቢሆንም ሕፃኑ የራሱ ፎርም፣ የራሱ ፓስፖርትና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል። እናት ብቻዋን ከልጇ ጋር ስትጓዝ አንድ ነገር ትጠንቀቅ፦ የእኛ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ በፓስፖርቱ ላይ የእናትና የልጅ ስም አይገናኝም። የተተረጎመ የልደት ሰርተፊኬትና አባት በውልና ማስረጃ ያረጋገጠው የፈቃድ ደብዳቤ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ፤ ሻንጣ ውስጥ ከገቡ ፓስፖርት መቆጣጠሪያው ጋ አይገኙም።

ስለ ስንቅም ቁርጡን እንናገር። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል፣ ቅጣትም ሊኖር ይችላል። የሕፃናት የዱቄት ወተትና ምግብ ግን ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፦ የታወቀ የፋብሪካ ምርት፣ ያልተከፈተ (እየተጠቀሙበት ካልሆነ)፣ ሳይከፈት ማቀዝቀዣ የማይፈልግ መሆን አለበት። የበሶ ዱቄት መያዝ ይቻላል፤ በቅቤ የታሸ በሶ ግን ቅቤ ነው። ለትንሽ ልጅ ቆሎ አይያዝ፤ ባቡር ሲንገጫገጭ ያንቃል።

ከአዲስ አበባ የሚነሳው አውሮፕላን ሌሊቱን በርሮ ጠዋት ፍራንክፈርት ይደርሳል። የረጅም ርቀት ባቡር ጣቢያው እዚያው ከተርሚናል 1 ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወዲያው ለመቀጠል ያጓጓል። አትቀጥሉ። በጀርመን ባቡር ርካሹ ትኬት ለተጻፈበት ባቡር ብቻ ያገለግላል፤ በረራው ቢዘገይ ወይም የፓስፖርት ሰልፉ ቢረዝም ገንዘቡ ባክኖ ይቀራል። አንድ ሌሊት እዚያው እደሩ።

በጀርመን ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ትኬት አያስፈልገውም፤ ትኬት ስለሌለው ግን ወንበርም የለውም። ስታስይዙ የቦታ ማስያዣውን ብቻ ከፍላችሁ ለእሱም ወንበር ያዙለት። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው አይሲኢ በሚባሉት የጀርመን ፈጣን ባቡሮች ያለው «ክላይንኪንድአብታይል» ነው፦ በር ያለው፣ ጋሪ የሚያስገባ፣ ልጅ ወለል ላይ ቢጫወት የማያስቀይም ትንሽ ክፍል። ቦታው ጥቂት ነው፤ በጀርመን ባቡር የስልክ መተግበሪያ ላይ ወንበር ሲመረጥ ይገኛል፣ ቶሎ ይያዛል። እዚያው መተግበሪያ ላይ መቀየሪያ ጊዜውን ከፍ አድርጉት። ሲስተሙ ለብቸኛ መንገደኛ የሚያስበው ስምንት ደቂቃ ለጋሪና ለአሳንሰር አይበቃም፤ ከ25 ደቂቃ በታች አትቀበሉ።

ወደ ስዊዘርላንድ ስትሄዱ ድንበሩ ላይ ባለችው ባዝል ከተማ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ባቡሩ መጀመሪያ የሚቆመው «ባዝል ባዲሸር ባንሆፍ» ነው። «ባዝል» የሚለውን ሰምታችሁ እንዳትወርዱ፤ ወደ ዙሪክ የሚቀየረው ቀጥሎ ባለው «ባዝል ኤስቤቤ» ነው። ሻንጣና ልጅ ይዞ መውረድና እንደገና ባቡር መጠበቅ ቀኑን ያበላሸዋል። ስዊዘርላንድም ከ6 ዓመት በታች በነፃ ነው። ዙሪክ የምታድሩ ከሆነ በርን ከተማ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ባለ ፎቅ ባቡሮቹ ባላቸው የቤተሰብ ፉርጎ የላይኛው ፎቅ ላይ የልጆች መጫወቻ ቦታ አለ። ብዙ ልጆች በርን ከተማዋን ሳይሆን ይህን ፎቅ ነው የሚያስታውሱት።

ከዙሪክ ሚላኖ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ወንበር ማስያዝ ግዴታ ነው። መንገዱ 57 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው በ2016 በተከፈተው የጎታርድ ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ሃያ ደቂቃ ያህል በመስኮት የሚታይ ነገር ስለማይኖር ልጁን የምታበሉት ያኔ ይሁን። ድንበሩ ላይ፣ ኪያሶ፣ ፖሊስ ሊገባ ይችላል፤ ፓስፖርቱ ከላይ ባለው ሻንጣ ውስጥ አይሁን።

መድኃኒትን በተመለከተ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ጀርመን ውስጥ የሚሸጠው የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ ብዙውን ጊዜ በ5 ሚሊ ሊትር 200 ሚሊ ግራም ነው፤ ጣሊያን ውስጥ «ታኪፒሪና» የሚባለው በ5 ሚሊ ሊትር 120 ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ማንኪያ የሚለካ ወላጅ ወይ ያበዛል ወይ ያሳንሳል። መጠኑ የሚሰላው በልጁ ኪሎ ስለሆነ የልጁን ክብደት በቁጥር ለፋርማሲስቱ ንገሩና ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥ ካርቶኑ ላይ አስጽፉ። በጀርመን ፓራሲታሞል በሱፐርማርኬት አይገኝም፤ ፋርማሲ ነው መሄድ ያለባችሁ። ለዳይፐር ግን «ዴኤም» የሚባለው የንጽሕና ዕቃ መደብር ግቡ፤ በብዙዎቹ መደብሮች መቀየሪያ ጠረጴዛና በነፃ የሚወሰድ ዳይፐር አለ። ከአገር ቤት የሚያዘው ለበረራውና ለአንድ ቀን የሚበቃ ብቻ ይሁን። ለአስቸኳይ ነገር ስልኩ በሁሉም አገር 112 ነው።

በሚላኖ ዋና ባቡር ጣቢያ፣ ሚላኖ ቼንትራሌ፣ ወደ ባቡሮቹ ለመግባት ትኬት የሚታይበት በር ስላለ ከሰዓቱ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ፈጣኑ ባቡር ሮም በሦስት ሰዓት ገደማ ይገባል። ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭን ላይ ከተቀመጠ አይከፍልም፤ ሦስት ሰዓት ማቀፍ ግን ከባድ ነው። «ቢምቢ ግራቲስ» የሚባለውን ዋጋ ፈልጉ፦ አዋቂው መደበኛውን ዋጋ ከፍሎ ልጁ የራሱን ወንበር በነፃ ያገኛል። ቦታው የተወሰነ ስለሆነ አስቀድሞ ይቆረጥ።

ሮም ኮብልስቶኗ ብዙ ነው፤ ትንንሽ ጎማ ያለው ጋሪ ይሰናከላል፣ ልጁም እንቅልፍ አይወስደውም። አንቀልባ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለቅርብ መንገድ ከየትኛውም ጋሪ ይሻላል። በመጨረሻው ቀን ከቴርሚኒ ጣቢያ ወደ ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ «ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ» በ32 ደቂቃ ያደርሳል፤ ለአዋቂ 14 ዩሮ ነው፣ ከ4 ዓመት በታች አይከፍልም። ጋሪውን እስከ አውሮፕላኑ በር መግፋት ስለሚቻል ሻንጣ ስታስመዝኑ መለያ ወረቀት አስለጥፉበት። የልጁ ወተትና ውኃ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ቢሆንም ለጉዞው የሚበቃው ይፈቀዳል፤ ፍተሻው ጋ ስትደርሱ ከቦርሳ አውጥታችሁ ለብቻው አሳዩ።