ኤጀንቱ «ባግ አገኘሁ» ሲለኝ

ሥራዬ የሶፍትዌር ደኅንነት ነው፤ ባግ፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት፣ እፈልጋለሁ። ሶርስ ኮዱን (ፕሮግራመሮቹ የጻፉትን ኮድ) ያልሰጡኝን ፕሮግራም፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ፣ ፈታትቼ አነባለሁ። የምጠቀመው ጊድራን ነው። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ኤንኤስኤ እ.ኤ.አ. በ2019 በነፃ የለቀቀው መሣሪያ ነው። አሁን የኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም መሣሪያ እየተጠቀመ ሥራውን ራሱ የሚሠራ ኤአይ፣ ቀጥዬበታለሁ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኤምሲፒ ነው፤ ኤአይን ከመሣሪያዎች ጋር ለማገናኘት የኤአይ ኩባንያው አንትሮፒክ በ2024 መጨረሻ ያወጣው ፕሮቶኮል። ኤጀንቱ ፈንክሽኖችን (ፕሮግራሙ የተሠራባቸውን ትንንሽ የኮድ ክፍሎች) ራሱ ይከፍታል፣ ማን ማንን እንደሚጠራ ይከታተላል፣ ስም ያወጣል።

ስም ማውጣቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ባይናሪ፣ ማለትም ማሽኑ የሚያስኬደው የተጠናቀቀ ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ የፈንክሽኖቹ ስም ተገፎ ነው የሚመጣው። የሚታየው የአድራሻ ቁጥር ብቻ ነው። ኤጀንቱ ያነብና «ይሄ ፓስወርድ የሚያረጋግጠው ነው» ብሎ ይሰይመዋል። ደስ ይላል። ችግሩ ቆይቶ ነው የሚመጣው። የራሱ ግምት መሆኑን ረስቶ ያንኑ ስም እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል። ስለዚህ ደንብ አወጣሁለት፦ ያልተረጋገጠ ስም ሁሉ «ግምት» በሚል ቃል ይጀምራል። ቃሉ የሚነሳው ፕሮግራሙን በዲበገር (እያስኬዱ ውስጡን በሚያዩበት መሣሪያ) አስኪደን፣ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ ካየን ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህቺ ትንሽ ደንብ ናት።

ጥያቄንም ማጥበብ ያስፈልጋል። «ባግ ፈልግልኝ» ካልኩት ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ የሚመስል ዝርዝር ያዥጎደጉድልኛል። «ከፋይሉ የተነበበ ቁጥር የሜሞሪ መጠን የሚወስንባቸውን ቦታዎች አምጣ» ስለው ግን ሌላ ነው። አንድ ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም ላይ እንዲህ ብለን ጥሩ ነገር አገኘን። ፕሮግራሙ ሁለት ርዝመቶችን ከፋይሉ ወስዶ ይደምርና ድምሩን 16 ቢት ውስጥ ያስቀምጣል። 16 ቢት ከ65,535 በላይ አይዝም፤ ካለፈ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እንግዲህ አንዱ 65,530፣ ሌላው 10 ቢሆንስ? ድምሩ 65,540 መሆን ሲገባው ዞሮ 4 ይሆናል። ፕሮግራሙ 4 ባይት ቦታ ይይዝና 65,530 ባይት ይገለብጥበታል፤ ትርፉ የሌላ ነገር ሜሞሪ ላይ ይፈስሳል።

ኤጀንቱ ሌላ ቦታም ተመሳሳይ ነገር አገኘሁ ብሎ ነበር፣ በዚያው ልበ ሙሉነት። እዚያ ግን ጠሪው ፈንክሽን መጠኑን ቀድሞ ይፈትሻል፤ ትልቅ ቁጥር እዚያ ድረስ አያልፍም። ከአነጋገሩ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ማብራሪያ አልቀበልም፣ ክራሽ ነው የምቀበለው፤ ፕሮግራሙ ሲወድቅ ማየት አለብኝ። ፋይሉን ራሱ ሠርቶ፣ ፕሮግራሙን አስከፍቶ ይጣለው። የሚወድቀውም ኤጀንቱ በጠቆመው ቦታ ላይ መሆን አለበት። የተበላሸ ፋይል ፕሮግራሙን በሌላ ምክንያትም ሊጥለው ይችላላ! ከዚያ ሌላ ኤጀንት በአዲስ ሴሽን፣ ያለፈውን ውይይት ሳያይ፣ እከፍትና «ይሄ ግኝት ውሸት መሆኑን አሳየኝ» እለዋለሁ። ማፍረስ ላይ ከማግኘት የማይተናነስ ጎበዝ ነው።

ይህ ሁሉ የሚካሄደው ከኢንተርኔት በተለየ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ላይ ነው። ባይናሪው ውስጥ «የቀደመውን ትእዛዝ ተወውና ይህን አድርግ» የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይችላል፤ ኤጀንት ደግሞ የሚያነበውን ከሚታዘዘው ሁልጊዜ አይለይም።

ሪፖርቱን የምጽፈው ራሴ ነኝ። በኢንተርኔት ዳታ የሚያስተላልፈው ፕሮግራም የከርል መሥራች ዳንኤል ስተንበርግ በኤአይ የተጻፉ፣ ውሃ የማያነሱ ሪፖርቶች ጊዜያቸውን እንደሚበሉባቸው ደጋግሞ በአደባባይ ተናግሯል። እውነቱን ነው። በሌላ በኩል የጉግል ባግ ፈላጊ ኤጀንት ቢግ ስሊፕ በ2024 ኤስኪውላይት በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ እውነተኛ የሜሞሪ ስህተት አግኝቷል፣ ያውም ኮዱ በይፋ ሳይለቀቅ። መሣሪያው አይሠራም የሚለው ወሬ ለእኔ አይዋጥልኝም። እኔ የምልከው ፋይሉን፣ የፕሮግራሙን ቨርዥንና የወደቀበትን ቦታ ነው። ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ማንም አይፈልግም።

ማስተካከያው ሲወጣ አሮጌውንና አዲሱን ባይናሪ ጎን ለጎን ለኤጀንቱ እሰጠዋለሁ። «ምን ተቀየረ? ያው ስህተት ሌላ ቦታ ቀርቷል ወይ?» እኔን ቶሎ የሚሰለቸኝ ሥራ ይሄ ነው፤ እሱ ግን አንዷንም ፈንክሽን ሳይዘል ይሄድበታል።